ባዶ የወጡት ደሴቶች

ካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የአሜሪካንን የሕዝብ ቆጠራ አገላብጣለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የገዛ አገሬን ሰው በመቁጠር ነው። በጭቃ፣ በአቧራ፣ ውሻ እያባረረኝ ቆጥሬያለሁ፤ በኋላ ደግሞ ቢሮ ገብቼ ሌሎች የቆጠሩትን አርሜያለሁ። ጡረታ ስወጣ ቁጥር የሚባል ነገር ዳግም አላይም ብዬ ነበር። ቤት መዋል ግን እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። ጠዋት ተነስቼ የባለቤቴን የሽንኩርት አከታተፍ መተቸት ስጀምር ሥራ ፈልግ አለችኝ። ስትቀልድ አልነበረም።

ሥራውን የሰጠኝ የቀድሞ ባልደረባዬ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ ቂርቆስ ቤታቸው ስሄድ ሶፋ ሥር ተደብቆ የጫማዬን ማሰሪያ ይፈታ ነበር። አሁን አለቃዬ ነው። ከውጭ አገር ድርጅቶች የመረጃ ሥራ እየተቀበለ የሚያሠራበት ትንሽ ቢሮ ከፍቷል። የመስታወት ክፍል አለው፣ የሚሽከረከር ወንበር አለው፣ እንግሊዝኛ ያልተቀላቀለበት ዓረፍተ ነገር ግን የለውም። ክፉ ልጅ አይደለም። ፈሪ ነው፤ ፍርሃቱን ደግሞ በችኮላ ይሸፍነዋል።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ሥራ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሕሙማን በየክሊኒኩ አስተርጓሚ የሚመድብ አንድ ድርጅት አለ። የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ሊጀምር አስቦ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ከሕዝብ ቆጠራቸው አውጥተን እንድንሰጠው ጠየቀን። መስፈርቱ ቀላል ነው። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእስያ ዝርያ ያለው ከሆነ አካባቢው ይገባል፤ ካልሆነ ይቀራል። የገባው ካርታው ላይ ይጠቁራል፣ የቀረው ነጭ እንደሆነ ይቆያል። በነጩና በጥቁሩ መሃል ያለው ልዩነት፣ አንዲት አሮጊት ሐኪሟ የሚላትን በራሷ ቋንቋ ትሰማለች ወይስ አንገቷን እየነቀነቀች ወደ ቤቷ ትመለሳለች የሚለው ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእኔ ሥራው ሥራ ነበር።

ሥራውን የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። ሌላዋ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች ልጅ ናት። ሰንጠረዦቹን እየፈለገች፣ እየደመረች፣ ካርታውን ታዘጋጃለች፤ እኔ ከመላኩ በፊት አያለሁ፣ አርማለሁ። አባቷ መንገድ ሊሠራ የመጣ ቻይናዊ ነበር፤ ሳትወለድ ሄዷል። መልኳን ከእሱ ወስዳለች፤ አነጋገሯ፣ ቁጣዋ፣ ሳቋ ግን ሙሉ በሙሉ የካዛንቺስ ነው። አባት በሌለበት ቤት እንደሚደረገው የእናቷን አባት ስም ይዛ አደገች። ስለዚህ በወረቀት ስትታይ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እየሳቀች። «ጋሼ፣ እናቴን ስቆጣት አይፈረድብኝም፤ እህቴ ናት» አለችኝ።

ሰፈራቸው ሲፈርስ እናትና ልጅ ከተማው ጫፍ ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እናትየዋ መስቀል ፍላወር አካባቢ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር፤ ወገቧን ታማ ካቆመች ወዲህ ቤቱ የቆመው በልጅቷ ደሞዝ ነው። ልጅቷ ይህንን አታወራም። እኔ ያወቅሁት እናትየዋ አንድ ቀን ቢሮ ድረስ መጥታ፣ በደረጃው ምክንያት ላብ በላብ ሆና፣ «አደራ ይጠብቁልኝ፣ ከሷ ሌላ የለኝም» ስላለችኝ ነው። አደራ የሚባል ነገር አልወድም። ሰው ሳይጠይቅህ ጫንቃህ ላይ ጭኖብህ ይሄዳል።

አደራው የከበደኝ በአለቃችን ምክንያት ነው። ከዚህ ሥራ በፊት ለእነዚሁ ሰዎች የላክነው አንድ ሥራ ስህተት ተገኝቶበት ነበር። ደውለው ዳግም ቢደገም ውላችንን እናቋርጣለን አሉት። ስህተቱን የሠራው ሌላ ባልደረባችን በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበተ። አለቃችን ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ መሃላችን ቆመና «ጋይስ፣ ከእንግዲህ ስህተት የሚልክ ሰው በዚያው ቀን ይወጣል። ማንም ይሁን ማን። ሪስክ አልወስድም፣ በቃ» አለ። ማንም ይሁን ማን ሲል ወደ እኔ አላየም። የተሰናበተው ሰው ወንበር ከዚያ ወዲህ ባዶውን ነው፤ ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ አታስቀምጥበትም።

እንግዲህ ዓርብ ነው። ከአሜሪካኖቹ ጋር በቪዲዮ የምንገናኘው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እዚያ ጠዋት ሲሆን። ከምሳ ተመልሼ፣ ውጭ የሚቆፍረው ማሽን መስኮቱን እያንቀጠቀጠው፣ ካርታውን ስክሪኔ ላይ ዘረጋሁት። የእኔ ልማድ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ካርታውን ማየት ነው። ካሊፎርኒያ ባሕሩ ዳር ጠቁሯል፤ ጥሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ መጥቆር ያለባቸው ሰፈሮች ጠቁረዋል፤ ይህም ጥሩ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ፣ ውቅያኖሱ መሃል ወዳሉት ደሴቶች። ሃዋይ ነጭ ናት። እዚህም እዚያም ጥቂት ጠብታ ከመታየቱ በቀር ነጭ።

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁ። ሥራው ሲጀመር ያነበብኩትን አልረሳሁም። እነዚያ ደሴቶች ላይ ከእስያ የመጡ ሰዎች ለትውልድ ኖረዋል፣ ከአገሬውም ከሌላውም ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። ሌላ ቦታ ሁሉ ነጭ ቢሆን እዚያ ይጠቁራል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። የአሜሪካኖቹ የቆጠራ መጠይቅ ዘር ሲጠይቅ ብዙ ሳጥን ይደረድርና የሚመለከትህ ሁሉ ላይ ምልክት አድርግ ይላል። አንዱ እስያ የሚለው ላይ ብቻ ምልክት ያደርጋል። ሌላው እስያም ነጭም፣ እስያም ጥቁርም፣ ወይም ሦስት አራቱንም ይላል። ደንበኞቻችን ሁለቱም ዓይነት ሰው ይቆጠርልን ብለው በግልጽ ነግረውናል። ልጅቷ የደመረችው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው። ከአንድ በላይ ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ሁሉ የአካባቢው ነዋሪ ሆኖ ተቆጥሯል፤ እስያዊ ሆኖ ግን አልተቆጠረም። ካሊፎርኒያ ላይ ይህ ብዙም አይታይም። ደሴቶቹ ላይ ግን አገር ያጠፋል።

ቀና ብዬ አየኋት። ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታ ትሠራለች። በመስታወቱ ውስጥ አለቃችን ስልክ ያወራል። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። እጄን አወዛወዝኩላትና ደረጃው ጋ ይዣት ወጣሁ፤ አለቃችን ከሚያየን ቦታ ራቅ ብለን ቆምን። ተናድጄ ነበር። ጥሩ ሠራተኛ ሲያበላሽ ከሰነፍ የበለጠ ያናድደኛል።

«ሁለት ሳጥን ላይ ምልክት ያደረጉት ሰዎች የት ገቡ?» አልኳት።

«አወጣኋቸው» አለችኝ፣ ምንም ሳትደናገጥ።

«ማን አውጪ አለሽ?»

«ጋሼ፣ ማለቴ… የየትኛው እንደሆኑ አይታወቅም እኮ። ሰንጠረዡ ማን እንዳሳደጋቸው አይልም። ሰው የሚቆጠረው ባሳደገው ቤት ነው። ማን እንዳሳደገው ካልታወቀ ወደየትም አይደመርም ብዬ ተውኩት።»

«ይሄን የት ነው ያነበብሽው?»

«የትም አላነበብኩም። እንደዛ ነዋ የሚደረገው። እኔ ራሴ…» አለችና ቆመች።

«አንቺ ራስሽ ምን?»

«ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሁሉም ቦታ የአያቴ ልጅ ነኝ። አንድ መስመር ነው ያለው፤ አንድ ነገር ነው የሚጻፈው። እዚያም ግቢ፣ እዚህም ግቢ የሚለኝ የለም። አባቴ አላሳደገኝም፣ ስለዚህ በእሱ በኩል አልቆጠርም። ሁለት ቦታ መግባት ማጭበርበር ነው የሚመስለኝ።»

ንዴቴ መሄጃ አጣ። ስንት ሺህ ደጃፍ አንኳኩቼ፣ ስንት እናት ፊት ቁጭ ብዬ፣ የአባትየውን ብሔር ጠይቄ ለልጆቹ ሁሉ ያንኑ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እንደዚያ ነው የተማርነው፣ እንደዚያ ነው ያስተማርነው። አንዲት እናት እንኳ «የኔስ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ይህችን ልጅ ከየት አመጣሽው ብዬ ልቆጣት እኔ ማን ነኝ?

«መጠይቁ እኮ የአሜሪካ ነው» አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እነሱ ጋ ሰውየው ራሱ ነው የሚናገረው። ሁለት ነኝ ካለ ሁለት ነው። ደንበኞቹም እነሱን ጨምሩ ብለዋል።»

ወዲያው ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። ያነበበችውን መመሪያ፣ ያለፈችውን መስመር፣ የተሰናበተውን ሰው ወንበር፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ያባርረኛል» አለች።

«ገና አልተላከም። እስከ ስብሰባው ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አለን። ነይ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን ጀመርን። እኔ ከጭንቀት የተነሳ አቋራጭ ፈለግሁ። ሌላ ሰንጠረዥ አለ፤ ቻይና፣ ፊሊፒንስ፣ ጃፓን፣ ቬትናም፣ ሕንድ እያለ የእያንዳንዱን ዝርያ ሰው ቁጥር፣ ከሌላ የተቀላቀለውንም ጨምሮ፣ ለየብቻ የሚያሳይ። እነዚህን ብደምራቸው ይወጣል ብዬ መደመር ጀመርኩ። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ እጄን ስትይዘኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቆይ ጋሼ። እንዲህ ከደመሩት አባቱ ቻይና እናቱ ፊሊፒንስ የሆነ ሰው ሁለቴ ይገባል። ቻይና ውስጥም አለ፣ ፊሊፒንስ ውስጥም አለ።»

«እና?»

«እናማ፣ ሁለት ቢሆንም አንድ ሰው ነው።»

ልክ ነበረች። እንደ እኔ ቢሆን ኖሮ ደሴቶቹ ላይ ከሚኖረው ሰው የበለጠ እስያዊ ይገኝ ነበር። እያንዳንዱን ሰው አንዴ ብቻ የሚቆጥር ሌላ ሰንጠረዥ ፈልጋ አወጣች፤ አምዱን ቀየረች፤ ካርታውን እንደገና አስነሳች። ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ይንፏቀቃል። ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረዋን ክብ እያየን ጠበቅን።

ካርታው ሲመጣ መጀመሪያ የታየው ውቅያኖሱ ነው። ቀጥሎ ደሴቶቹ ተራ በተራ ጠቆሩ። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት ስለጨረስን ደስ ብሎኝ፣ አዲሱን ሥራ ይዤ የመስታወቱን በር እንኳ ሳላንኳኳ ገባሁ። የልጅቷን ስህተት መናገር አላስፈለገኝም፤ ያልተላከ ስህተት ስህተት አይደለም፣ እርማት ነው። እንደዚያ እያልኩ ነበር የገባሁት።

«የመጨረሻው ይሄ ነው። ላከው» አልኩት።

አለቃችን ስክሪኑን አየና ወደ እኔ ዞረ። «የምን መጨረሻ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ትናንት ልኬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ካርታውን። ፎልደሩ ውስጥ ነበር፣ አለቀ ብዬ… ከዴድላይኑ በፊት ብንልከው ኢምፕሬሲቭ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እኔ ሳላየው?»

አሮጌውንና አዲሱን ካርታ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ደሴቶቹን ሲያይ የፊቱ ቀለም ሲለወጥ አየሁ። ያ ሶፋ ሥር የሚደበቀው ሕፃን ብቅ አለብኝ፤ ግን አላዘንኩለትም፤ በጣም ተናድጄ ነበር።

«ይሄን ክፍል ማን ነው የሠራው?» አለ።

«መጀመሪያ ስብሰባውን እንውጣ።»

«ጋሼ፣ ማን ነው የሠራው?» ሲለኝ ዓይኑ በመስታወቱ አልፎ እሷ ላይ ነው። ሁለት ሠራተኛ ባለበት ቢሮ ይህ ጥያቄ አይደለም። «ያልኩትን ያውቃሉ። ከዚህ በላይ ምንም ማድረግ አልችልም። ይሄ ውል ከሄደ እኮ ኪራዩን አልችልም፤ ቢሮው ተዘጋ ማለት ነው።»

«ሳይታይ የላክኸው አንተ ነህ።»

«እሱን ሌላ ጊዜ እናወራለን» አለና ሸሚዙን ማስተካከል ጀመረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስታችን አንድ ላፕቶፕ ፊት ተሰልፈን ተቀመጥን። ልጅቷ ጫፍ ላይ፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ በሚታይበት ቦታ ነበረች። ወንበርሽን ሳብ አድርጊ ብላት እንዳልሰማች ሆነች። ስክሪኑ ላይ የመጣችው ሴት በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ሰላምታዋ አጭር ነው። አለቃችን በእንግሊዝኛው መንገድ ስለ አየሩ ሊያወራ ሲጀምር አቋረጠችው።

ካርታው ሲደርሳት መጀመሪያ የፈለገችው እናቷ የኖረችበትን ከተማ እንደሆነ ነገረችን። ደሴቶቹ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እናቷ ሐኪም ቤት ስትሄድ ለማስተርጎም ገና ትምህርት ቤት ሳለች ጀምሮ የምትከተላት እሷ እንደነበረች፣ አንዳንዱን ለእናት የማይነገር ነገር እንኳ መናገር የነበረባት እሷ እንደነበረች ተናገረች። ይህን ሥራ የጀመረችው በዚያ ምክንያት ነው። «ካርታችሁ ላይ ግን የእናቴ ከተማ የለችም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አለቃችን ስለ ቴክኒክ ችግር አንድ ነገር ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ ዝም ብላ ሰማችውና «የሠራው ማን ነው? ከእሱ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ» አለች።

አለቃችን ወደ እኔ አየ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ነኝ ልል ይሆናል፣ ልጅቷ ናት ልልም ይችላል። ሰው እንደዚያ ሲጨነቅ ከአፉ የሚወጣውን አያውቅም። ልጅቷ ወንበሯን ስባ ወደ መሃል መጣች።

«እኔ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ። ሙሉ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ሴትዮዋ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ከአንድ በላይ ሳጥን የመረጡትን አልደመርሻቸውም።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እዚህ ወረቀት ላይ የሚጻፈው አንድ ነው» አለች። «እኔም ሁለት ነኝ። አባቴ ቻይናዊ ነው፤ እሱ የትም አልተጻፈም። ሁለት የሆነ ሰው የሚቆጠር አልመሰለኝም ነበር።»

ሴትዮዋ ወደ ጎን፣ ምናልባት ወደ መስኮት፣ ዞር ብላ ቆየች። አለቃችን ስክሪኑ የቆመ መስሎት አንዱን ቁልፍ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት።

«የታረመው አለ?» አለች በመጨረሻ።

«አለ» አልኩ እኔ። አለቃችን ላከው። እሷ እዚያው፣ እያየናት ከፈተችው። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲሄድ እናያለን። ብዙ ፈለገች፤ ወይም ለእኔ ብዙ መሰለኝ። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«አሁን አለች» አለች። ወዲያው ፊቷ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ከባልደረቦቿ ጋር እንደምትመክር፣ ስለ ውሉ ሰኞ እንደምታሳውቀን ነግራን ተሰናበተች። ለልጅቷ ለብቻዋ አመሰግናለሁ አለቻት። ስክሪኑ ጠፋ።

አለቃችን ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። ልጅቷን ሳያያት «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለ።

ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። የቻርጀሯን ሽቦ ስትጠቀልል በመስታወቱ አየኋት፤ ለዓመት የምታስቀምጠው ይመስል በጥንቃቄ ነው የምትጠቀልለው። እናቷ ደረጃውን ወጥታ ላብ በላብ ሆና የቆመችበት ቦታ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ነው።

«አንተ ትናንት የላክኸው ሳይታይ ነው» አልኩት። «ስህተት የላከ ይወጣል ካልክ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ። ያኛውንስ? ያኛውን እኮ በዚያው ቀን ነው ያስወጣሁት። እሱም ቤተሰብ አለው። ለእሱ ያልራራሁ ለእሷ ብራራ ምን እባላለሁ? ፌር ነው ይሄ?»

እውነቱን ነው። ያኔ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ይሻላል ብዬ። ውጭ ማሽኑ ቆሞ ነበር፤ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው እየሄዱ ነው።

«ያኔም ተሳስተናል» አልኩት። «አንተም እኔም። አሁን የምነግርህን ስማ። ዛሬ እርማቱን ስሠራ አንዱን ሰው ሁለቴ ልቆጥር ነበር። ያስቆመችኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ ያቺ ሴት የእናቷን ከተማ ስታገኝ እዚያ ከሚኖረው ሰው የበለጠ ሰው ታገኝ ነበር፤ ውሉም ዛሬውኑ አልቆ ነበር። እኔ አርባ ዓመት ሰው ቆጥሬ አላየሁትም። እሷ አየችው። አስወጣት እንግዲህ፤ ሰኞ ይሄን የሚያይልህ ሰው ፈልግ። እኔን አትጠብቅ።»

«እርስዎም ሊሄዱ ነው?»

«እኔም እሄዳለሁ።» ባለቤቴን አሰብኩ፤ ሽንኩርቱን አሰብኩ። ግን ብያለሁ።

ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኩን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። እንደ እውነቱ ከሆነ ልቡን የለወጠው የእኔ ንግግር ይሁን የሰኞው ፍርሃት አላውቅም። በመጨረሻ «ሰኞ ትምጣ። ይንገሯት» አለኝ።

«አንተ ንገራት።»

ተነስቶ ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ አጠገቧ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ አጭር ነገር ሲነግራት አየሁ። በኋላ እንደነገረችኝ ያላት «ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ እንዳትዘገዪ» ብቻ ነው። ይቅርታም የለ፣ ማብራሪያም የለ። ራሷን ነቀነቀች። ቻርጀሩን ከቦርሳዋ አውጥታ መሳቢያዋ ውስጥ መለሰችው።

አብረን ወረድን። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራቱ ገና በጊዜ በርቷል። ድሮ ቤቶቹ ተጣብቀው በነበሩበት ቦታ አሁን ሣር ተተክሏል፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ እንኳ አንዳንዴ መታጠፊያው ይጠፋታል። ወደ ለገሃር የሚሄዱት ታክሲዎች ወደሚጫኑበት ሄድን። እኔ ስለ ሥራው ታነሳለች፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ እየጠበቅሁ ነው። ከፊት ለፊታችን የመጡ ሁለት ሴቶች ፊቷን አይተው ካለፉ በኋላ ዞር ብለው እንደገና አዩዋት። እሷ አላየቻቸውም፤ ወይም ማየት ከተወች ቆይታለች።

ሰልፉ ውስጥ ስንቆም ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እዚያ ደሴቶቹ ላይ መንገድ ላይ ስትሄድ ዞር ብሎ የሚያያት የለም ማለት ነው? እንደኔ ያለችዋን?»

አዎ ማለት ፈልጌ ነበር። በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ለዚህች ልጅ ዛሬ የምዋሽበት ጉልበት አልነበረኝም።

«አላውቅም» አልኳት። «ቆጠራው ይሄን አይጠይቅም።»

«እሺ» አለችና መሬት መሬት አየች። ታክሲው መጣ፤ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እግሯን ደረጃው ላይ ካሳረፈች በኋላ ቆመች። ከኋላ ያሉት ሲያጉረመርሙ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

«ግን ከግማሽ በላይ ናቸው፣ አይደል?»

«ከግማሽ በላይ ናቸው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ገባች።